ሰዓቱ የጊደሯ ነው

እንግዳ ብዬ የምጠራት ጊደሬ ያን ቀን ገና ጎህ ሲቀድ መጮህ ጀመረች። ፀሐይ ስትወጣ በእናቷ ጀርባ ላይ ለመውጣት ስትታገል አየኋትና እንደ ወትሮዬ ፈቲያ ጋ ደወልኩ። ስልኩ እንደተነሳ፣ ሰላምታም ሳላስቀድም፣ ጊደሬ ኮርማ ፈልጋለች፣ ዛሬውኑ ድረሽልኝ አልኩ።

የመለሰልኝ የወንድ ድምፅ ነው። ወንድሟ ነበር። ፈቲያ ሦስት ቀን ትኩሳት ይዟት ትናንት እንዳረፈች፣ ከአስር ሶላት በኋላም እንደተቀበረች ነገረኝ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው፦

«ታዲያ ጊደሯን ማን ያይልኛል?» የሚል ነበር።

ልጁ አልተቆጣኝም። «አይዞሽ እማማ፣» አለኝ። «ከትናንት ጀምሮ ይሄ ስልክ የሚጮኸው ስለ ላም ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቅሶው ሲወጣልኝ ደግሞ ተናደድኩ። የተናደድኩበትን ምክንያት ለመናገር ስለ ፈቲያ መናገር አለብኝ። ስለ ራሴም አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ እሱን ግን በቦታው።

ፈቲያ ላም አዳቃይ ነበረች። በናይትሮጂን የቀዘቀዘ የኮርማ ዘር ይዛ ከግቢ ግቢ እየዞረች፣ ኮርማ ሳይመጣ ላም የምታስረግዝ የመንግሥት ባለሙያ ማለት ነው። ያደገችው እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነው፤ እናቷ እዚያው ገበያ ውስጥ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክንደ ረጅም ልጅ ናት። ሻሿን ከአገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ከላይ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ቦቲ ጫማ አድርጋ ስትመጣ ከሩቅ ትታወቃለች። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። መጀመሪያ ወደ እኛ ሰፈር ስትመጣ ጥግ ላይ የሚቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች «ኮርማዋ መጣች» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም የናይትሮጂን ጋኗን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «አዎ አቦ፣ ካንተ የተሻለ ዘር ይዤ ነው የመጣሁት» ብላ ታልፋለች። ከዚያ ሾፌሮቹ እርስ በርሳቸው ይሳሳቃሉ። ሁለተኛ የሞከራት የለም።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ ሴት ልጅ እጇን ላም ሆድ ውስጥ መክተቷ ነውር ነው ብለው ገሠጿት። ፈቲያ አልተቆጣችም። ጓንቷን ከእጇ ላይ በቀስታ እየገፈፈች፣ «አባባ፣ የሴትን ሆድ ሴት ካላወቀችው ማን ይወቀው?» አለቻቸው። ሽማግሌው በሳምንቱ የራሳቸውን ላም እየጎተቱ መጡ።

ድሬ ላይ እንግዲህ አንቱታ ብዙ አናውቅም። ፈቲያ በዕድሜ ልጄ ናት፤ «አንቺ እማማ» ነበር የምትለኝ። ግን ሳትታጠብ ወደ ላሜ አትጠጋም፤ ሳትጠይቀኝ በረቴን አትከፍትም፤ የሠራችውን ሁሉ ለምን እንደሠራችው ሳትነግረኝ አትሄድም። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ለአራተኛ ክፍል ሰው እንደ ሐኪም ጓደኛ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው እምብዛም አላየሁም። ብዙ የተማሩ ሰዎች «እርስዎ» እያሉ ንቀውኛል።

ሥራዋን ስትሠራ ማየት ራሱ ትምህርት ነበር። የዘሩን ቀጭን ቱቦ ከናይትሮጂኑ አውጥታ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ታቀልጠዋለች። ውሃውን በቴርሞሜትር ትለካና ደግሞ ሕፃን እንደምታጥብ እናት ክርኗን ታስነካዋለች። ለምን ሁለት ጊዜ እንደምትለካ ስጠይቃት፣ ቴርሞሜትሩም ሊሳሳት ይችላል፣ ክርኔም ሊሳሳት ይችላል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ግን አይሳሳቱም አለችኝ። ከዚያ ዘሩን ረጅሙ የማዳቀያ ብረት ውስጥ ከትታ፣ የድሬ ፀሐይ እንዳያገኘው ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ላሟ ትሄዳለች። ግራ እጇን ላሟ ውስጥ ስታስገባ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ያኔ ማንም አያወራም። አንዴ ጎረቤቴ ሃዋ ሳቅ ብላ፣ ምን እያዳመጥሽ ነው ብትላት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ዝም በይ፣ እየነገረችኝ ነው» ብላታለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ላም ያለን የሰፈር ሴቶች ማኅበር አቋቁመን ነበር። ሰብሳቢዋ እኔ ነበርኩ። የነፈቲያ መሥሪያ ቤት ጊደሮቻችን በአንድ ጊዜ በመርፌ እንዲዘጋጁና በጥሩ የፈረንጅ ዘር እንዲዳቀሉ ፈቀደልን። ፈቲያ ሁላችንንም ግቢዬ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሰብስባ አስረዳችን። የእያንዳንዷ ጊደር ሆድ የራሱ ሰዓት አለው አለች፤ አንዷ ዛሬ ትፈልጋለች፣ ሌላዋ በሳምንቱ። የመጀመሪያው መርፌ ሰዓቶቹን ያቀራርባል። በአስራ አንደኛው ቀን የሚወጋው ሁለተኛው ደግሞ እኩል ያደርጋቸዋል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለተኛው ከተወጋ፣ ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ጊደሯ ጮኸች አልጮኸች ሳይባል ትዳቀላለች። ሐሙስ ጠዋት አይሆንም፤ ዓርብም አይሆንም።

ሃዋ ጣልቃ ገባች። አስር ሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው፣ ከተማው ሁሉ ተጋድሞ ጫቱን በሚቅምበት ሰዓት ማን ጊደር ይይዝልናል አለች። ፈቲያ ሳቀችና፣ «ሰዓቱ የኔም የናንተም አይደለም፤ የጊደሯ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ይህ ቃል የሰፈር ቃል ሆነ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲያረፍዱ እንኳን እሱን ነው የምንላቸው።

አንድ ነገር ግን አጥብቃ አስጠነቀቀች። መርፌው የሚወጋው ባዶ ለሆነች ጊደር ብቻ ነው። ያረገዘች ከተወጋች ታስወርዳለች። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጠርሙሱን እንኳን መንካት የለባትም አለች። መመዝገቢያ ቅጹ መጣ፤ «ጊደሯ ባዶ ናት» የሚል ቦታ ነበረው። ማንበብ ለማይችሉት እኔ አነበብኩላቸው። አስራ አራት ሴቶች ፈረምን። እኔም ፈረምኩ።

የመጀመሪያው መርፌ ቀን ደረሰ። ግቢዬ ውስጥ፣ ምድር ባቡር ይሠራ የነበረው ባለቤቴ ካመጣው የሐዲድ ብረት ባሠራሁት ማሰሪያ ፊት ጊደሮቹ ተሰለፉ። የፈቲያ ኃላፊም ዝርዝሩን ይዞ ከመኪናው ወረደ። ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልግ ነበር። አስራ አራት ጊደር ተመዝግቧል፣ አስራ አራት መርፌ መጥቷል፤ ውጊና እንሂድ ነው ነገሩ። ፈቲያ ግን ረጅሙን ጓንት መልበስ ጀመረች። ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቃት። ሳልነካ አልወጋም አለችው። ሁሉም ባዶ ናቸው ተብሎ ተፈርሟል አላት። እሷም ያላንዳች ቁጣ፣

«ጊደሮቹ አልፈረሙም» አለችው።

ሴቶቹ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

አንድ በአንድ መረመረች። አራተኛዋን ጊደር ከነካች በኋላ እጇን አወጣችና የጊደሯን የጎድን አጥንት ዳሰሰች። ይቺ ገና ናት፣ ሦስት ወር ፉርሽካና ፋጉሎ አብሉልኝ፣ ከዚያ እኔ ራሴ እመጣላታለሁ አለች። ባለቤቷ አለቀሰች፤ ፈቲያ ግን ከቃሏ አልተመለሰችም። ኃላፊው ዝርዝሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ዘጠነኛዋ የእኔ ነበረች። ፈቲያ ዓይኗን ጨፈነች። ከሌሎቹ ይልቅ ቆየች። ሃዋ ጭራውን ይዛለች፣ እኔ አንገቱን። ፈቲያ ዓይኗን ስትገልጥ ጊደሯን ሳይሆን እኔን አየችኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«እማማ፣ ይቺ ብቻዋን አይደለችም» አለችኝ።

እኔም ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ እንዴት ይሆናል አልኩ። ከበረት ወጥታ አታውቅም አልኩ። አሁንም ድምፅዋን ሳታነሳ፣

«ስንት ወር እንደሆነ እኔ ልንገርሽ ወይስ አንቺ ትነግሪኛለሽ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ስለ ራሴ የምናገረው። ከዚያ የመርፌ ቀን ሁለት ወር ቀደም ብሎ አንድ እሑድ ጊደሯ ገመዷን በጥሳ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወርዳ ነበር። ስደርስ ከአንድ የሐበሻ ወይፈን ጋር አገኘኋት። የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ቅጹ ሲመጣ ግን ባዶ ናት ብዬ ፈረምኩ። ስሜ እንዳይሰረዝ ነበር። ከዚህም የከፋ አስቤያለሁ፤ ይዛ ከሆነም መርፌው ያወርደዋል፣ ከዚያ በፈረንጅ ዘር ወልዳ ጥሩ የምታለብ ትሆንልኛለች ብያለሁ። ይህን ያሰብኩት ለሴቶቹ ቅጹን ያነበብኩላቸው፣ በማኅበሩ ውስጥ አድልዎ አይታይም እያልኩ ጠረጴዛ የምደበድበው ሰብሳቢዋ ነኝ።

ፈቲያ መልሴን አልጠበቀችም። ጓንቷን አውልቃ ኃላፊውን፣ ይቺ ነፍሰ ጡር ናት፣ አትወጋም አለችው። ወይዘሮዋ እኮ ፈርመዋል አላት፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ «እርስዎ ሳያውቁ ፈርመዋል?» አለኝ። እኔም፣ እኔ የማውቀው ባዶ መሆኗን ነው አልኩ። እሱም እሷን፣ እንግዲያው አንቺ በግምትሽ ነው የምትቀንሽው አላት። በዚያች ደቂቃ ፈቲያ፣ እማማ ታውቃለች የሚል አንድ ቃል ብትናገር ራሷን ነፃ ታወጣ ነበር። አልተናገረችም። «ግምት አይደለም፤ እጄ ነው» ብላ ወደ አሥረኛዋ ሄደች።

ከአስራ አራቱ አስራ ሁለቱ ተወጉ። ኃላፊው የግቢውን በር በኃይል ዘግቶት ወጣ።

በአስራ አንደኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሁለተኛውን መርፌ ወጋች። ሐሙስ ደረሰ። እኔ የማስዳቅለው ጊደር ባይኖረኝም ግቢው የኔ ነውና ከጠዋት ጀምሬ ተፍ ተፍ እላለሁ። ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ፈቲያ ናት። ጊደሮቹን ከዛፉ ሥር አስገቢያቸው፣ ጀርባቸው ላይ ውሃ ርጪባቸው፣ እመጣለሁ አለችኝ። ከኋላዋ የሚከራከር የወንድ ድምፅ ይሰማኛል።

ነገሩን በኋላ ነው የሰማነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትልቅ የከብት እርባታ ያን ቀን ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተውበት ነበር። ካሜራ ነበረ። ኃላፊው ፈቲያ መኪናውን ይዛ ሄዳ እንግዶቹ ፊት ሥራዋን እንድታሳይ ፈለገ። የእርባታው ጊደሮች የተወጉት ከኛዎቹ በማግስቱ፣ ማክሰኞ ስለነበር ሰዓታቸው ዓርብ ነው። እኛ፣ ነገ ትደርሺላቸዋለሽ በሚል ነው የተተውነው። ፈቲያ የመለሰችለትን እዚያው የነበረች ጸሐፊ ነገረችኝ፦

«ካሜራው ነገም ይመጣል። የነዚህ ሴቶች ጊደሮች እንቁላል ግን ነገ የለም።»

መኪናውን ከለከላት። እሷም ትንሿን የናይትሮጂን ጋን አንጠልጥላ ወደ አስፋልት ወጣች። በርጫ ላይ የነበረ አንድ የባጃጅ ሾፌር አገኘች። ከክዳኑ ሥር የሚወጣውን ነጭ ጉም አይቶ ይሄ ነገር ቢፈነዳስ ብሎ ፈራ። ደግሞ ገና መቃም መጀመሬ ነው አላት። እሷም፣ እየቃምክ ንዳ፣ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ አለችው። ጋኗ እንዳትገለበጥ በሁለት ጉልበቷ መሃል አቁማ፣ መንገዱ ሲሰባበር ጭኗ ላይ እያነሳች መጣች። ድልድዩ ጋ ከባድ መኪና ቆሞ መንገዱን ዘግቶት ነበርና በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ አስነዳችው። ሾፌሩ ዛሬም ድረስ ያንን መንገድ ያወራል። ልጅ ልትወልድ የደረሰች ሴት ጭኜ እንኳን እንዲህ ፈርቼ አላውቅም ይላል።

ለአስር ሩብ ጉዳይ ሲል ግቢዬ በር ላይ ወረደች። ጨርቋ ሁሉ አቧራ ነው። ውሃ ጠጪ ብላት እጇን ብቻ ታጠበች። ሰዓቷን አየችና የመጀመሪያዋን አምጡ አለች።

እኔ የውሃውን ሙቀት ጠበቅኩ፤ ሃዋ ጭራ ያዘች። ሰባተኛዋ ላይ ስንደርስ በቱታዋ ኪስ ውስጥ ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ አላቆም አለ። ግራ እጇ ጊደሯ ውስጥ ነው፣ ቀኝ እጇ ብረቱን ይዟል። አንሽው አለችኝ። ኃላፊው ነበር።

«ፈቲያ፣ የት ነው ያለሽው?»

«ተዋበች ነኝ። እጇ ሥራ ላይ ነው» አልኩት።

«እርስዎ ማኅበር ጋ ነው ያለችው ማለት ነው? ያለ ፈቃድ ንብረት ይዛ ነው የወጣችው። ያውቃሉ? አስቀድማም በራሷ ፈቃድ ቁጥር የቀነሰች ሰው ናት።»

እዚያ ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። የቀነሰችው ልክ ናት፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ይልቁንስ፣ ሰዓቱ የጊደሯ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ሴቶቹ እልል አሉ። ለሰው ጀግና መሰልኩ። ፈቲያ ብቻ ከጊደሯ ጀርባ ሆና ቀና ብላ አየችኝ፣ ፈገግ አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አስራ ሁለተኛዋን ስትጨርስ አስራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ ማሰሮ ውሃ ሳታቋርጥ ጠጣች።

በሳምንቱ ደብዳቤው ደረሳት። የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላል። በራሷ ግምት የተመዘገበ ቁጥር መቀነሷ፣ የተመደበችበትን ሥራ ትታ መሄዷ፣ የመንግሥት ንብረት በባጃጅ ማጓጓዟ። ከመስክ አውጥተው መጋዘን ውስጥ አስቀመጧት። የዚያችን ልጅ እጅ ጓንትና መርፌ እየቆጠረ እንዲውል ፈረዱበት። የሥልጠና ዕድል ሲመጣ ደብዳቤ አለባት ይባላል። የደረጃ እድገት ሲመጣ ደብዳቤ አለባት ይባላል።

መጋዘን ሄጄ አገኘኋት። ቢሮ ገብቼ እውነቱን ልናገር ነው አልኳት። ካርቶን ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ብድግ አለች።

«አንቺ እማማ፣ ዝም በይ። ሰብሳቢዋ በሐሰት ፈረመች ብለው ማኅበሩን ይሰርዛሉ። እነዚያ ሴቶች ምን አደረጉ?»

እሷ ስላዘዘችኝ ዝም አልኩ እያልኩ ሦስት ዓመት ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር ዝምታው ለኔም ተስማምቶኝ ነበር።

ዘጠኝ ወሩ ሲሞላ ከአስራ ሁለቱ ጊደሮች ሰባቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወለዱ። ሰፈራችን እንደዚያ ሳምንት ጮኾ አያውቅም። አንዱ ግቢ እንገር ይዘን ስንገባ ከሌላው ግቢ ጥሪ ይመጣል። አዳቃይ ስላነሳቸው ያኔ ፈቲያን ከመጋዘን ወደ መስክ መልሰዋት ነበርና፣ በየቤቱ እየዞረች ጥጆቹን አየች። እኔ ሰባት ሰባት እያልኩ ስፎክር ሰምታ፣ አምስቱን አትርሺ አለችኝ። አምስቱ አልያዙም፣ እሱንም ጨምረሽ አውሪ አለች። የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ አስራ ሁለት ጊደሮች በተሳካ ሁኔታ ተዳቅለዋል ተብሎ መጻፉን ስትሰማ ነው መጀመሪያ ጊዜ ስትቆጣ ያየኋት። በደብዳቤው እንኳን እንደዚያ አልተቆጣችም።

የኔዋ ጊደር ከሁሉ ቀድማ፣ ሁለት ወር ያህል ቀድማ ነው የወለደችው። ሴት ጥጃ ናት፤ የደቻቱ ወይፈን ልጅ። ፈቲያ የጥጃዋን አፍንጫ በሻሿ ጫፍ ጠርጋ፣ ይቺ ሳትጠራ የመጣች እንግዳ ናት አለች። ስሟ እንግዳ ሆኖ ቀረ። ጥጃዋን በዓይኑ እንዲያይ ኃላፊውን ጠርቼ ነበር፤ እጇ ልክ እንደነበር ይኸው ብዬ። ቅጹ ላይ ባዶ ይላል፣ ከቅጹ በኋላ ይዛ ሊሆን ይችላል አለኝ። ወረቀቱ የሚናገረው የኔን ቃል ነበር።

እንግዲህ ፈቲያ በተቀበረች ማግስት በስልክ ማን ያይልኛል ያልኩላት ጊደር ያቺው ናት። ያን የመርፌ ቀን እናቷ ብትወጋ ኖሮ ደም ሆና የምትቀረው።

ለቅሶው መጋላ ነበር። ከሃዋ ጋር ሄድኩ። ስንወጣ ኃላፊው በር ላይ የፈቲያን ወንድም እጅ ይዞ፣ ታታሪ ሠራተኛ ነበረች፣ መሥሪያ ቤታችን መቼም አይረሳትም ሲል ሰማሁት። ተመልሼ ፊቱ ቆምኩ።

«ደብዳቤው ከፋይሏ ወጥቷል?» አልኩት።

ሃዋ ነጠላዬን ጎተተችኝ። እሱም ቀና ብሎ አየኝና፣ «እማማ፣ ይሄ ቦታው አይደለም» አለኝ።

«ቢሮህ ስመጣም ቦታው አይደለም ነው የምትለኝ። ቦታው የት ነው?»

«ደግሞስ ለሞተ ሰው ማስጠንቀቂያ ምን ያደርጋል?»

«ምንም የማያደርግ ከሆነ አውጣው።»

ኃላፊው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። የፈቲያ ወንድም ግን እጄን ይዞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ።

በመንገድ ላይ ለሃዋ ሁሉንም ነገርኳት። ወይፈኑን፣ ቅጹን፣ ፊርማዬን። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ቆማ ሳቀች። «ወላሂ እማማ፣ ያን እሑድ አሸዋው ላይ ዱላ ይዘሽ ስታባርሪው አይቼሻለሁ። መቼ ትናገሪያለሽ እያልኩ ሦስት ዓመት ጠበቅኩ» አለችኝ። ሳቋን ጨርሳ ደግሞ፣ «አሁን ዘግይተሻል» አለች። ከርግማን ይልቅ ይህ ጎዳኝ። በማግስቱ ሴቶቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው፣ ሰብሳቢነቱንም አስረከብኩ። የመርፌው ፕሮግራም አልቋል፤ ማኅበሩን በኔ ጥፋት የሚሰርዝብን ሰው የለም።

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። መዝገብ ቤት የምትሠራዋ ልጅ ደግ ናት። ፋይሉን አውጥታ አሳየችኝ። ማስጠንቀቂያው ከላይ ነው። ሥሩ ደግሞ የእኔ ቅጽ ተያይዟል፤ ባዶ ይላል፣ ከታች ፊርማዬ አለ። አንዱ ወረቀት በሌላው ላይ ቆሟል። ይውጣልኝ አልኩ። ልጅቷ፣ ከፋይል ወረቀት አይወጣም እማማ፣ ይገባል እንጂ አለችኝ። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው በጽሑፍ ካመነ እና ከፈረመ ከላይ ይያያዛል፣ ፋይሉን የሚከፍት ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሆናል አለች።

ስለዚህ ጻፍኩ። ይህን የምታነቡት እናንተ ፈቲያን እንድታውቋት ነው፤ አንዱ ቅጂ ግን የፋይሉ ነው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት እዚያ እገኛለሁ። አንድ ነገር ተበላሸ፣ ኃላፊው የለም፣ ሰኞ ተመለሽ የሚለኝ ካለ ሰኞም እመለሳለሁ። እንግዳም በሃያ አንድ ቀኗ ተመልሳ ትፈልጋለች፤ ሌላ አዳቃይ ይመጣላታል፤ እሱንም ሳትነካ አታዳቅል እለዋለሁ።

ለፋይሉ የምለው ይኸው ነው። እኔ ተዋበች፣ ጊደሬ ከወይፈን ጋር እንደተገናኘች በዓይኔ አይቼ፣ እያወቅሁ ባዶ ናት ብዬ ፈርሜያለሁ። ፈቲያ የቀነሰችው በግምት አይደለም። እጇ ትክክል ነበር፤ ወረቀቱ ሐሰት ነበር። ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ የነበረችውም መሆን በሚገባት ቦታ ነው። ከታች ያለው ፊርማ ያው የድሮው ፊርማዬ ነው። ከቅጹ ጋር አስተያዩት።